ያልጠፉት ጣቶች

አባቴን አንድ ጊዜ ገድዬዋለሁ። በክፋት አይደለም፣ በዲዛይን ነው። ዛሬም በሕይወት አለ፤ ጠዋት ዲከረንስ የሚባለውን የአገራችንን ማገዶ እንጨት ይፈልጣል፣ ከሰዓት በኋላ ከሬዲዮው ጋር ይጨቃጨቃል። ግን ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ የእኔ ሥራ በተነሳ ቁጥር ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚያነሳው ያንን ነው። ሌላው እየጨመረበት ከሚያወራው፣ እኔው እንደሆነው ብጽፈው ይሻላል ብዬ ተቀመጥኩ።

እንጅባራ መናኸሪያው አካባቢ አንዲት ጠባብ የኅትመት ቤት አለችኝ። በሩ ላይ «ግራፊክስ ዲዛይን» ተብሎ ተጽፏል። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ በዚያ ስም የጠራኝ ሰው ግን እስካሁን የለም። የከተማው ሰው «ስቲከሯ ልጅ» ነው የሚለኝ። እውነቱን ለመናገር አልተሳሳተም። ውሎዬ ለባጃጅ የኋላ መስታወት ጥቅስ መቁረጥ፣ ለሠርግና ለምርቃት ባነር መሥራት ነው፤ ከሁሉም የሚበዛው ደግሞ የሐዘን ሥራ ነው። ሰው ሲሞት ልጆቹ ስልካቸው ላይ ያለች የደበዘዘች ፎቶ ይዘውልኝ ይመጣሉ። እኔ ሟቹን ከሆነ ሠርግ ላይ፣ ከአጃቢ መሐል ቆርጬ አወጣና ጥቁር መደብ ላይ አቆመዋለሁ፤ ከሥሩ ቀንና ቦታ እጽፋለሁ። እነሱም ሚኒባሱ የፊት መስታወት ላይ ለጥፈውት ወደ ቀብር ይሄዳሉ። በዚህ ሥራ የሚቀድመኝ የለም፤ የሰው እንባ ሳይደርቅ አደርሳለሁ።

ልቤ ግን ሌላ ቦታ ነበር። ሥራ ሲቀዘቅዝ በስልኬ የውጭ አገር የፊልም ፖስተሮችን እያየሁ እቃትት ነበር። እነዚያ ፖስተሮች ላይ ብዙ ባዶ ቦታ አለ። የእኔ ደንበኞች ባዶ ቦታ ሲያዩ «እዚህ ጋ አበባ አስገቢበት» የሚሉ ናቸው። አንድ ቀን፣ እል ነበር፣ ባዶ ቦታ የሚገባው ሰው በዚህ በር ይገባል።

ገባም። ከዩኒቨርሲቲው የመጡ ተማሪዎች ነበሩ፤ አጭር ፊልም ሊሠሩ ነው። ታሪኩ አንድ ሽማግሌ ፈረሱን ለመሸጥ ተገዶ፣ ከመሸጡ በፊት አንድ ቀን አብሮት ሲውል ነው። ዳይሬክተሩ ቀጭን ልጅ ነው፤ በየዓረፍተ ነገሩ መሐል «ዝምታ» የምትል ቃል ሳይወረውር አያልፍም። ፖስተሩም ዝምታ እንዲኖረው ነው የሚፈልገው። እኔ ገና ንግግሩን ሳይጨርስ እሺ ብያለሁ። ፈረስ የሚያውቅ ሽማግሌ ተዋናይ እንዳላገኙ ሲነግሩኝ ደግሞ ሳላስብ «አባቴ አለ» አልኩ።

አባቴና እኔ ሁለት ብቻ ነን። እናቴ እኔ ልጅ ሳለሁ ነው ያረፈችው። አባቴ በወጣትነቱ የታወቀ ፈረሰኛ ነበር፤ አሁን ጉልበቱ ከድቶታል፣ ፈረስም የለውም፣ ግን የሰው ፈረስ አይቶ ኮርቻው የተጣመመ እንደሆነ ከሩቅ ይለያል። ተማሪዎቹን ይዤ ቤት ስገባ መጀመሪያ ሳቀብን። ቀጥሎ ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ ፊልሙ ዳንግላም ይታይ እንደሆነ። እነሱ ደስ ብሏቸው ዳንግላም፣ ባሕር ዳርም፣ አዲስ አበባም እያሉ ቆጠሩለት።

«የሌላው ይቅር» አለ አባቴ። «ዳንግላ ከታየ ይበቃኛል።»

ተማሪዎቹ ትሑት ሰው መሰላቸው። እኔ ግን ዳንግላ ማን እንዳለ አውቃለሁ።

ዳንግላ ያሉት ታላቅ ወንድሙ ናቸው፤ ወፍጮ ቤት አላቸው። በእኛ ቤት ደንብ ፈረሰኛ የነበረ ሰው ሲሞት ፈረሱ፣ ከሌለውም የተዋሱለት፣ እንደ ሠርግ ቀን ይሸለማል። ኮርቻው ተጭኖ፣ ጌጠኛው የኮርቻ ልብስ፣ ግላሱ፣ ተደርቦ፣ ማንም ሳይቀመጥበት በለቃሹ መሐል ይዞራል። ዛቡን፣ የልጓሙን ገመድ ማለቴ ነው፣ ይዞ የሚያዞረው ከቤተሰቡ ወንዶች ታላቁ ነው። አያቴ ሲሞቱ ያ ሰው አጎቴ መሆን ነበረባቸው። ክረምት ነበር፤ የተሳፈሩበት መኪና አዲስ ቅዳም ከተማ ላይ ተበላሸ፣ ኔትወርክም የለም። ለቃሹ ተሰብስቧል፣ ዝናቡ አጉረምርሟል፣ ቄሱ ያጣድፋሉ፤ አባቴ ዛቡን ያዘ። አጎቴ ጭቃ በጭቃ ሆነው ሲደርሱ የአባታቸውን ፈረስ ታናሻቸው ሲያዞረው አገኙ። ቀብሩን ቆመው አስፈጸሙና ድንኳኑ ውስጥ ሳይቀመጡ ወደ ዳንግላ ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ተነጋግረው አያውቁም።

ሽማግሌ ተልኳል፣ የንስሐ አባትም ገብተውበታል። አባቴ እንደሆነ «አጠፋሁ» ከማለት ተራራ መግፋት ይቀለዋል፤ «ጥፋቱ የመኪናው ነው» ብሎ ሽማግሌ ይመልሳል። ግን ከዳንግላ የመጣ ሰው ባገኘ ቁጥር፣ ስም ሳይጠራ፣ «ያ ሰውዬ ደኅና ነው?» ይላል። ደኅና ነው ሲሉት ፊቱን ያዞራል። እኔ ይህን እያየሁ ነው ያደግሁት፤ አባቴ ወንድሙን ሳያገኝ እንዳይሞት የምፈራውን ያህል ሌላ የምፈራው ነገር አልነበረኝም።

ቀረጻው ዘንገና ሐይቅ ዳር ሆነ። ፈረሱን ከጎረቤት ተዋስን፤ ባለቤቱ ፈረሴ ፊልም ላይ ራቁቱን አይወጣም ብሎ ያለ የሌለ ጌጡን አለበሰው። የፖስተሩን ፎቶ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ትልልቆቹ እንደዚያ ያደርጋሉ ብዬ በሆዴ ተኝቼ ነበር ያነሳሁት፤ የተኛሁት እበት ላይ መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው። አባቴ ነጭ ጋቢውን አጣፍቶ ወደ ውኃው ያያል፤ ከጀርባው የተሸለመው ፈረስ፣ ከፈረሱ ጀርባ ከሐይቁ የሚነሳ ጉም። ፈረሱ ካሜራ ስላልወደደ ከተማሪዎቹ አንዱ፣ ድምፅ የሚቀርጸው፣ ዛቡን ጠበቅ አድርጎ ይዞታል። ፎቶው ጥሩ ነበር። ስለ ሌላው ሁሉ ልወቀስ፣ ፎቶው ግን ዛሬም ጥሩ ነው እላለሁ።

ሱቄ ገብቼ ስከፍተው አንድ የሚረብሽ ነገር አየሁበት፤ ያ ልጅ። ዝምታ በተባለው ቦታ ላይ ባለቀለም ሹራብ ለብሶ ቆሟል። አጠፋሁት። መብራት ይሄድ ይመጣ ነበርና ላፕቶፔ ሳይዘጋ ለመድረስ ተጣደፍኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ ልጁን ከእግሩ እስከ ራሱ ካጠፋሁ በኋላ ዛቡ ላይ የቀሩትን ጣቶቹን ሳላይ አለፍኩ። ፈረሱን ከአየር ላይ የወጡ ጣቶች ይዘውታል። ቀጥዬ ዳሩን ሁሉ በጥቁር አስዋጥኩት። የፊልሙን ርዕስ «ፈረሱን የሸጠ ሰው» ብዬ በቀጭን ግራጫ ፊደል ጻፍኩ፤ «አጭር ፊልም» የሚለውን ከዚያ በባሰ ቀጭን። ስሜን ደግሞ ከዳይሬክተሩ ስም ትንሽ ተለቅ አደረግሁት፤ እሱ አይቶ አሳነሰው። ነጭና ጎላ ብሎ የተጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ቅዳሜ፣ ሰዓቱና አዳራሹ። «ሁላችሁም ተጋብዛችኋል» ልጨምርበት ብል ዳይሬክተሩ ዝምታውን ይሰብረዋል አለኝ። እኔም ሰው ፊት ዝምታ የማይገባኝ መምሰል አልፈለግሁም።

ላፕቶፑ ላይ እንባ የሚያስመጣ ነበር። ማሽኔ ሲያትመው ግራጫው በሙሉ ጥቁሩ ውስጥ ሰጠመ። ርዕሱ የለም፣ «አጭር ፊልም» የለም፣ ያ ሁሉ የተጣላንበት ስሜም የለም። የቀረው የአባቴ ፊት፣ ያለ ሰው የቆመ የተሸለመ ፈረስ፣ ቀንና ቦታ ነው። በዚያን ጊዜ ልብ አላልኩም እንጂ ስንት ዓመት ስሠራው የኖርኩትን ነገር ነው የሠራሁት፤ እጄ ከለመደችው አልወጣችም። እኔ ግን ወረቀቱን ራቅ አድርጌ አየሁና ምስጢሩ ጨመረለት አልኩ። ተማሪዎቹ ወስደው ግምጃ ቤት ከተማ ገበያ፣ ወደ ጥርባ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ መናኸሪያው ግንብ ላይ ለጠፉት። የተረፈውን ለዳንግላ ሚኒባሶች ረዳቶች ሰጡ። ረዳቶቹ እንዲህ ያለ ወረቀት የት እንደሚለጠፍ ሊነገራቸው አላስፈለገም፤ ወደ ፊት መስታወቱ ሄዱ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ አንድ ደንበኛዬ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ። «እግዜር ያጥናሽ እህቴ» አለኝ። ማንን ብዬ ጠየቅሁት። ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ «አባትሽን» አለ።

በፖስተሩ ነው የሚል ሐሳብ ፈጽሞ አልመጣልኝም። አመንኩት። ሱቁን ሳልዘጋ ወጣሁ፤ አንድ ባጃጅ ውስጥ ገብቼ የሰፈራችንን ስም ጠራሁ። ጠዋት እንጨት ሊፈልጥ ሲነሳ ቁርስ እንኳ ሳላቀርብለት መውጣቴ ትዝ አለኝ። ከዚያ ቀጥሎ የመጣብኝ ደግሞ ዳንግላ ነው። ሳይታረቅ ሄደ፣ ፈረሱን ማን ሊይዝለት ነው እያልኩ አነባሁ። ባጃጁ ወደ ሰፈራችን ሊታጠፍ ሲል ከፊታችን አንድ ሚኒባስ መጣ። መስታወቱ ላይ አባቴ አለ፤ ጥቁር መደብ፣ ፈረስ፣ ቀን፣ ቦታ። ባጃጅ ነጂው ባርኔጣውን አነሳለት። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የሳቅም የልቅሶም ያልሆነ ድምፅ አወጣሁ፤ ነጂው ሐዘኑ አእምሮዬን የነካው መስሎት ፍጥነት ጨመረ።

ቤት የሆነውን ኋላ ከብዙ ሰው ሰምቼዋለሁ፤ ሁሉም በየፊናው አሳምሮታል፤ እኔ የማምነው የአባቴን ነው። ጓሮ እንጨት እየፈለጠ ከታች ከመንገዱ ልቅሶ ይሰማል። እንደ ማንኛውም የሰፈር ሰው መጥረቢያውን ጥሎ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ ዱላውን ይዞ ሊያለቅስ ወጣ። ከለቃሹ ዳር ተቀላቅሎ አጠገቡ ያለውን ሰውዬ ማን እንዳረፈ በቀስታ ጠየቀው። ሰውዬው ቀና ሳይል «የስቲከሯ ልጅ አባት» አለው። አባቴ በከተማው ሌላ ስቲከር የምትሠራ ልጅ መኖሯ እስከዚያን ቀን እንዳልተሰማው እያሰበ፣ ከንፈሩን እየመጠጠ፣ አብሯቸው ወደ ገዛ ቤቱ ሄደ። ከፊት ሆና የምታስለቅሰው ከግምጃ ቤት በጋሪ የመጣችው የአክስቱ ልጅ ናት። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ «ወንድሜን» ልትል አፏን እንደከፈተች ወንድሟን አየችው። በስመ አብ ብላ አማትባ መንገዱ ላይ ቁጭ አለች።

እኔ ስደርስ የእድሩ ድንኳን ግማሹ ተተክሏል፣ ግማሹ መሬት ነው። የእድሩ ዳኛ ከልጅነታቸው ጀምሮ ብዙ ቀብር ያዩ ሰው ናቸው፤ እንዲህ ያለ ግን ገጥሟቸው አያውቅም። «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» አሉና ቆም ብለው አሰቡ። የወጣ ድንኳን ሰው ሳይቀመጥበት ከተጠቀለለ ቤቱ ላይ ደግ አያመጣም፤ ስለዚህ ይተከልና እንቀመጥበት ብለው ፈረዱ። ሴቶቹ ንፍሮውን ቀቅለው አምጥተው ነበርና እሱም ወጣ። አባቴ የገዛ ለቅሶውን ንፍሮ በእፍኙ እየዘገነ በላ። የሰፈሩ ቀልደኛ «ከሞቱ አሟሟቱ አሉ፤ አንተስ በፎቶ አማረብህ» ይለዋል፣ ድንኳኑ በሳቅ ይናወጣል። እኔ ሮጬ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። ከለቃሹ ሁሉ በላይ ያለቀስኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም። ከዚያ ፖስተሩን ማን እንደሠራው ተጠየቀና መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ግራጫ ፊደል ማለት ምን እንደሆነ ለማስረዳት ሞከርኩ። አንዲት አሮጊት ወረቀቱን ወደ ፀሐይ አንስተው ቢያዩትም ፊደል አላገኙበትም።

ሳቁ ቀስ እያለ በረደ። አባቴ ከድንኳኑ ደጃፍ፣ መንገዱ በሚታይበት በኩል ወንበሩን አዙሮ ተቀምጧል። ግምጃ ቤት ያለ ዘመድ መጥቷል፣ ከጥርባ በኩልም መጥቷል፤ ተጣልተውት የነበሩ ጎረቤቶች ሳይቀሩ መጥተዋል። አዲስ የሚመጣ ሰው በታየ ቁጥር አንገቱን ሰገግ ያደርጋል፣ ከዚያ መልሶ ይቀመጣል። ከተማሪዎቹ ለአንዱ ደውዬ ዳንግላ ለጥፋችኋል ወይ አልኩት። በረዳቶቹ አስለጥፈናል አለ፤ መናኸሪያው በር ላይ፣ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት። ስልኩን ዘግቼ ምንም እንዳልሰማ ሆንኩ። አባቴ ግን ፊቴን አይቶ ነበር።

«አይቶታል ማለት ነው» አለ። «ለሞቴ እንኳ አልመጣም።»

ስንት ጊዜ ሲቆጣ አይቼዋለሁ፤ እንዲህ ሲል ግን ሰምቼው አላውቅም። እኔ በአንድ ወረቀት አባቴ ሊያውቀው የማይገባውን ነገር አሳወቅሁት፤ ሰው የወንድሙን ልብ የሚያውቀው ሞቶ ነው፣ ሞቶ ደግሞ አያይም። እሱ ቆሞ አየ። ያን ዕለት ሱቄን ለምን አልዘጋም ብዬ ከልቤ አሰብኩ።

በማግስቱ ታጥቦ የደረቀ ጋቢውን ለብሶ ዳንግላ ሊሄድ ተነሳ። ምን ሊል እንደሆነ ብጠይቀው ለምን እንደቀረ ብቻ ልጠይቀው ነው አለኝ። ብቻውን ልለቀው አልቻልኩም፤ አብሬው ሄድኩ። ተራው የደረሰው ሚኒባስ ፖስተሩ ገና ያልተነሳለት ነበር። ረዳቱ ሽማግሌ ነው ብሎ አባቴን ጋቢና አስቀመጠው። መስታወቱ ላይ አባቴ፣ ከመስታወቱ ኋላ አባቴ። አዲስ ቅዳም ላይ የተሳፈሩ እናት አንዴ ወረቀቱን አንዴ ሰውየውን አይተው ወረዱ፤ የሚቀጥለውን እጠብቃለሁ አሉ። አባቴ አልሳቀም። ያ የተበላሸ መኪና ቆሞ የነበረበትን ቦታ እየፈለገ መሰለኝ፤ ከተማውን እስክናልፍ ዓይኑን ከመንገዱ ዳር አላነሳም።

ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ስንደርስ ወፍጮው ይጮሃል። አጎቴ ከቅንድባቸው እስከ ጫማቸው ዱቄት ናቸው። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ የሚለው ተረት በዚያ ሰዓት ትዝ አለኝና ከንፈሬን ነከስኩ። አባቴን አዩት። አልደነገጡም፤ ሞቶ የተነሳ ሰው ያየ ሰው አይመስሉም። ሄደው ወፍጮውን አጠፉት። ጸጥታው ሲመጣ ዳይሬክተሩ ቢኖር ብዬ ያሰብኩ እንደሆነ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

«ለሞቴ እንኳ አልመጣህም ወንድማለም» አለ አባቴ።

አጎቴ ጥያቄውን ትተው ከጆንያዎቹ ኋላ ገቡና የተጣጠፈ ወረቀት ይዘው ተመለሱ። ከመናኸሪያው ግንብ የተላጠ ነው፤ ማዕዘኑ ላይ ሙጫው አለ። ጆንያ ላይ ዘረጉት።

«መጥቼ ነበር» አሉ። «ልብሴን ቀይሬ፣ ኩታዬን አዘቅዝቄ እስከ መናኸሪያው ሄጃለሁ። እግሬ አልታዘዝ ብሎኝ ግንቡን ደገፍኩ። ያኔ ነው ይህን በቅርብ ያየሁት።» ጣታቸውን ዛቡ ላይ አደረጉ። «የማን እጅ ነው ይሄ?»

እኔም ያን ጊዜ ገና ማየቴ ነው። ከምንም ነገር ያልተያያዙ ለስላሳ ጣቶች፣ አንዱ ላይ ቀለበት አለ።

«ይህ ስልክ እንጂ ዛብ ይዞ የማያውቅ እጅ ነው» አሉ አጎቴ። «አባታችን ሲሞት ዛቡን አንተ ያዝክ። ይሁን። አንተ ስትሞት ግን ከእኔ ሌላ ማን አለህ? እኔ ቆሜ ፈረስህ በሰው እጅ አይዞርም። እንግዲያ አልሞተም አልኩ። የልጆች ጨዋታ ነው ብዬ ተመለስኩ፤ ይኸው እፈጫለሁ።»

አባቴ ወረቀቱን ብዙ አየው። ሊቆጣ የመጣበት ነገር ሁሉ ከእጁ ሲወድቅ ይታያል። ተራራ ሲገፋ ያየሁት ያን ቀን ነው።

«ያን ጊዜ ልጠብቅህ ይገባኝ ነበር» አለ። «ዝናብም ቢሆን።»

ከዚያ በኋላ የተባባሉትን በአዊኛ ነው የተባባሉት። የእኔ አዊኛ ከገበያ አያልፍም፤ አባትና ዝናብ የሚሉትን ቃላት ብቻ ለየሁ፣ ደጋግመው መጡ። ሁለቱም ጆንያው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ የአባቴ ንጹሕ ጋቢ ዱቄት ሆኗል። የሚያስፈጩ ሴቶች በሩ ላይ ቢሰበሰቡም አንዳቸውም ቶሎ በሉ አላሉም።

ስንነሳ አጎቴ ወደ እኔ ዞሩ። ወረቀቱን የሠራሁት እኔ መሆኔን ሰምተዋል። ደፋ ብዬ፣ «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ጣቶቹን ዛሬውኑ አጠፋቸዋለሁ» አልኳቸው።

«ካጠፋሻቸው ዛቡ በማን እጅ ሊሆን ነው?» አሉኝ። እሳቸው የጆንያ ማሰሪያ ገመድ አነሱ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ ገመዱን እንደ ዛብ ጠበቅ አድርገው ይዘው ክንዳቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። «ይህን አድርጊበት።»

በስልኬ አነሳኋቸው። እንጅባራ ገብቼ ፖስተሩን እንደ አዲስ ሠራሁት። ርዕሱ አሁን ነጭ ነው፣ ከጥርባ ማዶ ይነበባል፤ «ሁላችሁም ተጋብዛችኋል» የሚለውም ገባ። የአጎቴን እጅ ግን በልኩ ማድረግ አቃተኝ። ሳሳንሰው የተማሪው ይመስላል፣ ሳሳድገው ከፈረሱ መንጋጋ ይበልጣል። በመጨረሻ ትልቅ ሆኖ ቀረ፤ ዱቄት የለበሰ ግዙፍ እጅ ከጥቁሩ ውስጥ ወጥቶ ዛቡን ጨብጧል። ይህን ዳይሬክተሩ ሲያይ ዝም አለ። ምን እንዳሰበ አላውቅም፤ ብቻ ያን ያህል ዝምታ ከእሱ አግኝቼ አላውቅም።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። የሚበዛው የመጣው ሟቹን በዓይኑ ለማየት እንጂ ለፊልሙ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሁለቱ ወንድማማቾች ከፊት ወንበር ተቀምጠው አዩት፤ ፊልሙ ላይ አባቴ ፈረሱን ለገዢው ሲያስረክብ አጎቴ ጮክ ብለው «አትስጠው» አሉ፤ ከኋላ ያለው ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ሲያልቅ አባቴ በሩ ላይ ከተለጠፈው ፖስተር ፊት ቆመ። ስለ ግዙፉ እጅ ሊወቅሰኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ፤ ሰበቤንም ቋጥሬ ይዣለሁ። እሱ ግን በጣቱ የወንድሙን የእጅ አንጓ ነካ ነካ አደረገ።

«ይቺን አስቀምጫት ልጄ» አለኝ። «ኋላ ትፈለጋለች።»

አሁን ሱቄ ውስጥ በፕላስቲክ ተጠቅልላ አለች። ሥራዬን አስቀምጪው ያለኝ ደንበኛ እስከ ዛሬ እሱ ብቻ ነው፤ የምትፈለግበት ቀን እንዲርቅ ግን በየቀኑ እጸልያለሁ።